ጉድና ጉዳይ

ፕሮግራማችን እንደ ቤት ሁለት ክፍል አለው፤
ፊተኛው የሚከፈት አንጀቱ ለቆሰለው፣
ኪሎ ለጎደለበት፣ ቆጣሪ ላቃጠለው፣
የአንድ ዓመት ዋስትና በሳምንት ለሞተበት፣
ደረሰኝ በፌስታል ይዞ ለዞረበት።
ኋለኛው የሳቅ ነው፤ ቀለበቱን ሐብሐብ ውስጥ የጣለ ሙሽራ፣
ለጋሪ ፈረሱ ልደት ያከበረ፣ ኬክ ያሠራ፣
ከጎረቤት አውራ ዶሮ ጋር ሽምግልና የተቀመጠ።
እኔ ካሜራ ያዥ ነኝ። ስሜ ከማለቂያው ጽሑፍ ጋር ይሮጣል፤
እናቴ እንኳ አንብባው ሳትጨርስ ያመልጣል።

አዳማ፣ ሚያዝያ። ግድግዳው ራሱ የሚያልበው ጊዜ።
ከገንደ ጋራ ወይዘሮ ሸጊቱ ደወለች፦
«ቬንትሌተር ገዛሁ፣ በሦስት ሺህ ስድስት መቶ፤
ሱቁ ውስጥ ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቤቴ ገባና ቀረ ተኝቶ።
ሻጩ ‹መብራትሽ ነው› ይለኛል፤ መብራት ኃይል ‹ዕቃሽ ነው›፤
ሁለት ወር እግሬ ነው እንጂ የዞረው፣ ክንፉማ ቀጥ እንዳለ ነው።»

ሄድን። ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ከበሩ ሥር ተከልኩ፤
ቀና ብዬ ወደ ኮረብታው ተመለከትኩ፤
ነጫጮቹ የነፋስ መዘውሮች ጋራው ላይ ተሰልፈው
ማንም ሳይለምናቸው፣ ደረሰኝ ሳይጠየቁ፣ ይዞራሉ ዝግ ብለው።

ዕቃውን ሶፋው ፊት እንደ በሽተኛ አስቀምጣለች፤
ጸጉሯን ተተኩሳ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች።
ናርዶስ ማይኩን ዘረጋች። «ይኸው፣ ሶኬቱን ሰካሁት፤
ሕዝብ ይፍረደኝ፤ ሬሳ ነው፣ ሬሳ ነው የገዛሁት።»
ያን ጊዜ
ያ የአዳማ ነፋስ፣ አቧራውን ተከናንቦ፣
በተከፈተው በር ገባ፣ መጋረጃውን ሰብስቦ፤
ክንፉም ዞረ።
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳፈረ፤
ከዚያማ በረረ።

ናርዶስ ሳቀች፣ ጎረቤት ሳቀ፤ ድምፅ ቀራጩ ግዛው
ማዳመጫውን አውልቆ ወለል ላይ ተቀመጠ፣ ሳቅ ሲገዛው።
«ነፋሱ ነው! በሩን ዝጉት!» አለች፤ ሶኬቱን ነቅላ አሳየች፤
ክንፉ ግን ከነፋሱ ጋር ወገነ፤ እሷ ብቻዋን ቀረች።
እኔ ፊቷን አቀረብኩት፤ ሥራዬ ነው፣ አቀረብኩት፤
ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ቀረጽኩት።

ማታ ቅንብር ክፍል፣ አዘጋጁ አቶ ጉርሙ ወሰነ፦
«ይሄ ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ ይሄማ ጉድ ሆነ።
የከንፈሯን አውጡት፤ ሳቁ ላይ ሙዚቃ ጨምሩበት።»
ጨመርንበት፤ ዳክዬ ስትራመድ የሚገባውን ዓይነት።

በሳምንቱ አዳማ በሙሉ ሸጊቱን አወቃት፤
የባጃጅ ልጆች በደጇ ሲያልፉ «በሩን ዝጉት!» እያሉ ጠሯት።
ነጋዴውን አቶ መርዕድንም መች ማሩት፤ ሱቁ የሚገቡ ሁሉ
ብረት ድስት ሊገዙ መጥተው «በነፋስ ነው የሚሠራው?» ይላሉ።
በሁለት ወር ደጅ ጥናት ያልተነቃነቀውን ሰው
የአራት ደቂቃ ሳቅ ነቀነቀው፤
አዲስ ዕቃ በጋሪ ጭኖ ቤቷ ድረስ መጣ፣
ላቡ በአንገቱ እየወረደ፤ ይቅርታ ሊል ሳይሆን
ከሳቁ እንዲወጣ።

ሁለተኛ የሄድኩት ያለ ካሜራ ነው። በሯ ተዘግቶ ነበር።
አዲሱ ይዞራል፣ ያለ ነፋስ፣ ያለ ነገር።
ለስላሳ ከፈተችልኝ። «ሳቅኩ» አለች፣ «እኔም ሳየው፤
ልጆቼ ፊት፣ እንባዬ እስኪመጣ፤ ማን ይችለዋል፣ ያስቃል እኮ፣ እውነት ነው።
ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዓይኑ አንተ እጅ ነው ያለው፤
ያኔ በሩን ዝጉ ስል የነበረኝ ፊት፣ የት ገባ? ማን ወሰደው?»

ለስላሳዬን ጠጣሁ።

ሁለት ክፍል አለው ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነው።
እኔ ዘንድ፣ ዲስኩ ላይ፣ «ትርፍ» የሚል ፋይል አለ፤
አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ድምፅ የለውም።
ሐሙስ ሐሙስ፣ የሳቁ ሙዚቃ ሲጀምር፣ እከፍተዋለሁ፤
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣
ከኋላዋ መጋረጃው
ይነሳል፣ ይወድቃል።