የደም ዓይነት

ጀህራ፣ ሙሩር ቢሮ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት፤
ቁጥሬ መቶ አሥራ አንድ፣ የተጠራው ስልሳ አራት።
ውጭ ሃምሳ ዲግሪው አስፋልት ያቀልጣል፣
ውስጥ የኤሲው ብርድ አጥንት ይቆረጥማል፤
እኔ ከሁለቱ መሀል፣ ፋይሌን እንደ ሕፃን አቅፌ
እቆጥራለሁ ወረቀቴን፣ ሦስተኛ ጊዜ ገልጬ አጥፌ።

የፓስፖርት ኮፒ። የኢቃማ ኮፒ።
የከፊሉ ፊርማ፣ ማኅተም ያረፈበት።
አራት ጉርድ ፎቶ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ፣
ጆሮ የሚታይበት።
ኢቃማው ላይ ደግሞ "የቤት ሠራተኛ" የሚለው
"ሹፌር" ተብሎ የተለወጠበት፤
ለዚያች አንዲት ቃል አምስት ወር ጠበቅሁ።

ማዳም ኡም መሻሪ፣ ሹፌሯ ኬረላ ገብቶ ከቀረ ወዲህ
ልጆቿን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አጥታ
"ትችያለሽ?" አለችኝ።
እችላለሁ።
የወንድሜን ባጃጅ መርሳ ላይ ነድቻለሁ፣
ከገበያው እስከ ጤና ጣቢያው
ሽንኩርትም ነፍሰ ጡርም ጭኜ።
ከዚያ በኋላ ነው መንዳት ቀርቶ የተነዳሁት፤
ደላላው ነዳኝ፣ ኤጀንሲው ነዳኝ፣
አየር ማረፊያው በር ላይ በስም ዝርዝር ነዱኝ።

"ስም?" አለ ባለ መስኮቱ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።
ሐሊማ ሰዒድ፣ አልኩት።
አትጠገብ ካሳውማ መርሳ ቀረች፤
አገሯም እንደ ስሙ ሆነላት።

"ዕድሜ?"
አፌ ትንሽ ዘገየ፤ ሒሳብ አለበትና።
ደላላው ሃያ አምስት ሲያደርገኝ አሥራ ሰባቴ ነበር፤
በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ እስክሪብቶ
ስምንት ዓመት አበደረኝ፣
ወለዱን እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።
"ሠላሳ አንድ።"
ቀና ብሎ አየኝ። "ልጅ ትመስያለሽ።"
"አልሐምዱሊላህ" ብዬ ሣቅሁ፤ እሱም ሣቀ።

"ጣትሽን።"
አውራ ጣቴን ጫንኩ፤ ቀይ።
ሌባ ጣቴን ጫንኩ፤ ቀይ።
በአልኮል ጠረገው፣ በሶፍት አደረቀው፣ ድገሚ አለኝ፤
ማሽኑ እንዲህች ያለች ሴት አላውቅም አለ።
ስድስት ዓመት በረኪና የሰው ሰቅ ሲያነጣ
የጣቴንም መስመር ይዞት ወጥቷል።
በመጨረሻ ያወጣችኝ የግራ ቀለበት ጣቴ ናት፤
ቀለበት አላየች፣ ሥራም አልበዛባት፣
አረንጓዴ አበራች።

ከዚያ ዓይን።
ፊደሉ አፉን ወዴት አዞረ? ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ታች።
ከዚያ ደም።
ፊሊፒኖዋ ነርስ ጠብታውን ከፈሳሽ ጋር አማሰለች፣
ጠበቀች፣ "ኦ ፖዘቲቭ" ብላ ጻፈች፣
"ካርዱ ላይ ይወጣል፣ አደጋ ቢደርስ።"

ጥጡን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።
ስሙ የደላላው፣ ዕድሜው የደላላው፣
የመኖሪያ ፈቃዱ የከፊሉ፣
ሲፈቅድ የሚያድሰው፣ ሲከፋው የሚሰርዘው፤
ከዚያ ሁሉ ወረቀት የአትጠገብ የሆነው
ይቺው ጠብታ ናት፣
እናቴ ያለ ፊርማ የሰጠችኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን በስድስተኛው ቀለበት መንገድ
ሲኖትራክ ቢያገኘኝ
ወይ ደሙ እኔን ያድናል፣
ወይ ስሙ እሷን ይቀብራል።
መርዶው መርሳ ቢደርስ ማን በር ይንኳኳል?
ሐሊማን የሚያለቅስ የለ።

የመጀመሪያውን ፈተና ኮን ገጭቼ ወደቅሁ
(ወንድሜ አይስማ)፤
በሁለተኛው አለፍኩ።
ካርዱ ከማሽኑ ገና ትኩሱን ወጣ፣
እንደ ዳቦ።

ማዳም ቁልፉን ሰጠችኝ።
ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩ።
መስታወቱ በእሷ ቁመት ነበርና
ዝቅ አደረግሁት፣ የኋላው መንገድ ለእኔ እስኪታየኝ።
"ያላ፣ ሐሊማ!" አለ ትንሹ ከኋላ።
ፍሬቻ አሳየሁ።
ግራ ቀኝ አየሁ።
ወጣሁ።