የቪየና ካፖርት

አራት ካፖርት ገዛን ለቪየና በረዶ፣
ቅዳሜ ከቦንዳ ተራ፣ ውርጭ ሜዳው ላይ ከብዶ።
በእኔው ኪስ ውስጥ ተገኘ የደበዘዘ ቲኬት፣
የትራም ይሁን እንጃ፣ ወይም የትያትር ቤት፤
ጨርቁ ከእኔ ቀድሞ አይቶት ነበር ያን አገር፣
አዲስ ገቢው እኔ ነኝ፤ እሱስ መንገድ ያውቅ ነበር።

እህቴ አሰገደች “ለበዓሉ ኑ” ብላ ጽፋ፣
ስንዱ ቀን ስትቆጥር፣ ደብተሯ ላይ ካርታ ነድፋ፦
ቀዩ የነገሥታት ቤት፣ ሰማያዊው ወንዙ ነው፤
የአክስቷን ቤት በነጥብ፣ “እዚህ ነው የምናድረው።”
ይትባረክ አንድ ጥያቄ ይዞ ሌት ተቀን ነዘነዘኝ፦
“በረዶ ይበላል ወይ?” እኔስ ማን በልቶ ነገረኝ!

ታኅሣሥ ሲጋመስ ፓስፖርቱ በመስኮት ተመለሰ።
ውስጡ አንዲት ወረቀት፣ ቋንቋዋ የለሰለሰ፦
“ለመመለሳችሁ በቂ ማስረጃ አላገኘንም።”
ታዲያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የዋጥኩት ቾክ አይበቃም?
የእልፍነሽ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የጡረታ መዋጮዋ፣
የቤታችን ካርታ፣ ዕቁቡ፣ ላሚቱ ከነጥጃዋ፣
አንዱም አልሆነ አሉ፣ ወደ ቤት የሚስብ ገመድ።
እልፍነሽ ምንም ሳትል ካፖርቶቹን በየተራ
በሩ ጀርባ ሰቀለች፤ ማታ መብራቱ ሲበራ
አራት ሰው ይመስላሉ፣ ሊሄዱ የቆሙ መንገድ።

ጥር ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እራት ተበልቶ ማታ፣
“ነገሥታት የከተሙበት ነው” አለች “የናፈቃችሁ ቦታ?
አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ተነሡ፤ ካፖርት ልበሱ።”
ረዳቱ አይቶን ሳቀ፦ “ኧረ እነዚህ ከየት ተነሡ?”

መንገዱ የገብስ ቃርሚያ፣ የድንጋይ ካብ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ፤
ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ፣ ደረቱ የቀላ።
እሱ በገዛ ጠጉሩ፣ እኛ በሰው አገር ሱፍ፣
ተያየን ለአፍታ ያህል፣ ሚኒባሱ በአጠገቡ ሲያልፍ።

አንኮበር ጉም ለብሳ ነው የጠበቀችን፤ ወይም
አልጠበቀችንም። የድንጋዩን ደረጃ ስንወጣ ሰው የለም።
ስንዱ ደብተሯን ይዛ፦ “ታዲያ ከተማው የታለ?”
ጠባቂው አያ ጥላዬ ጉሙን በበትሩ ከፋፈለ፦
“እዚህ እልፍኙ ነበር። ያ ጥግ የጠጅ ቤት። ያ ግምብ… እሱስ አለ።”
ሌላው ሣር ነው፣ ነፋስ ነው፣ ጽድ ነው የበቀለበት።
“ምን ሆነ?” አለ ይትባረክ። “ማን አፈረሰው ይህን ቤት?”
“ከተማ ማለት፣ ልጄ፣ ከከተመ ነው የመጣ፤
የከተመ ሰው አንድ ቀን ነቅሎ መሄዱ መች ታጣ።”

ስንዱ ቀይ እርሳስ ይዛ የሌለውን ግድግዳ ሣለች፣
መስኮት ስታበጅለት ጉሙ ተገለጠ። “ውይ!” አለች።
ከእግራችን ሥር ምሥራቁ፣ እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ፣
ቆላው ፀሐይ ይሞቃል፣ ብርዱን ለእኛ ብቻ ትቶ።

አሰገደች ደወለች፤ ምስሏ እየተቆራረጠ፦
“በረዶ የለም ዘንድሮ፤ ዝናብ ብቻ፤ አየሩ ተለወጠ።
ያ ከኋላችሁ ምንድን ነው?”
“ቤተ መንግሥት።”
“የታለ?”
“ጠብቂ፣ ስንዱ አልጨረሰችም።” ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ማታ በተከራየናት ክፍል ንፋስ በስንጥቅ ያፏጫል።
እልፍነሽ የአልጋውን ብርድ ልብስ ጠርዙን ገልጣ አነበበች፤
“የእኛ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ፤ እንቅልፍ የያዛት ናት የሰፋችው” አለች።

በነጋታው ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል።
ይትባረክ በጥፍሩ ፍቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀምሷል።
ለማንም አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁትም።
ያን የቀዘቀዘ እጅ እናቱ ኪሷ ከተተችው፤ አልተቆጣችም።

ወደ ቤት ስንመለስ (ተመለስን እንግዲህ፣ ማስረጃም ይኸው)
የመግቢያውን ደረሰኝ፣ አያ ጥላዬ የፈረመው፣
ከዚያች ቲኬት ጎን አኖርኩት። አንድ ቀን ቦንዳ ተራ ሌላ ሰው ሲያጠልቅ፣
“አንኮበር የት አገር ነው?” ካለ፣ ካፖርቱን ይጠይቅ።