ቀስ ብሎ የሚዞር

በታርቱ፣ ከወንዙ ዳር፣ በቀድሞው የክር ፋብሪካ፣
ሦስት ሆነን ነው የምንውለው፣ ረግረግና ደን ስንለካ፣
ካርታ ስንሥል። ከጀርባችን፣ ከስሱ ሳንቃ ማዶ፣
እነሱም ሦስት፣ ሰርቨሮቹ፤ ድምፃቸው ጆሯችንን ሞርዶ ሞርዶ
አዶለዶመው።
ጩኸት ነው እንዳልል፣ ጩኸት ትንፋሽ ይወስዳል፤
ይሄ ግን ሳይተነፍስ ውሎ ሳይተነፍስ ያድራል፤
እንደ ጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ፣ የሚበሳው ጥርስ ሲያጣ፣
ባዶ አየሩን እየበሳ ወደ ግንባራችን እንደመጣ።

ቪርቬ ጥጥ ወትፋ፣ እኔ በሻርፕ ተጀቡኜ፣
«መቀስ!» ስል ሁለቴ ጮኼ፣ በሦስተኛው መንኜ፣
በብጣሽ ወረቀት መጻጻፍ ሆነ ወጋችን፦
«መቀስ አለሽ?» «በሩን ዝጊው።» «ነገ እኮ ነው ልደቴ።»
ምርቃቱም በብጣሽ መጣ፤ ተጣጥፎ ኪሴ ገባ አንድ ዓመቴ።

ሄልዱር ግን ጥጥም የለው፣ ሻርፕም የለው።
ከመስኮቱ ጥግ፣ በማጉያ መነጽሩ ሥር፣ አንዲት ጅረት ይከተላል፤
ሰላም ብንለው ዝም፣ ብንስቅም ዝም ይላል።
«ኮራብን» አልን። «ሠላሳ ዓመት ስለሠራ ናቀን» አልን።
ሰላምታችንን እኛም ቆጠብን።

በኅዳር ታቪ ተቀጠረ፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ካቻቢቴ በኪሱ።
«ዝም አሰኛቸዋለሁ» ብሎ ተነሣ በራሱ።
የሱፍ ብርድ ልብስ ያለበሰው ቁምሣጥን ውስጥ ዘጋባቸው።
ግማሽ ሰዓት እፎይ አልን።
ከዚያ ሙቀቱ ሲያይል፣ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ ጩኸታቸው፤
ቁምሣጥኑ ራሱ ተንቀጠቀጠ።
ለካ የታፈነ ነገር አይተኛም፤
ሞቆት ነው የሚጮኸው፣ ከፍቶ አይደለም።

ቅዳሜ አጠፋቸው፤ እኔ ፋኖስ ይዤ ቆምኩለት።
የስድስት ዓመት አቧራ፣ የፋብሪካው ክር ብናኝ ሳይቀር፣
እንደ ድመት ጸጉር ተድቦልቡሎ ወጣ።
ማራገቢያዎቹን እየነቀለ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው፤
የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ፣ አሥራ ሁለት ናቸው።
«አየሽ፣» አለኝ፣ በብጣሽ ሳይሆን በአፉ፣
«ትንሽ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚከንፉ።
ትልቁ ያንኑ አየር ቀስ ብሎ ዞሮ ይስበዋል።»
ክዳኑን በመጋዝ ቆረጠ፤ ሰሃን የሚያህሉ ሁለት ማራገቢያዎች አጋደመ፤
ንዝረቱ ወደ ሳንቃው እንዳይሻገር፣ ከሥራቸው የብስክሌት ከመነዳሪ ቆራርጦ አነጠፈ።
እስኪመሽ ሙቀት ለካ፦
አርባ ሁለት። አርባ አራት። አርባ ሦስት። እዚያው ረጋ።
እጁ ላይ ሁለት ፕላስተር ለጥፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ገባን፤ ካፖርት ሰቀልን፤ አንድ ነገር ጎደለ።
«መብራት ጠፋ እንዴ?» አልኩ፤ መብራቱ ግን አለ።
የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፤ ለካ ድምፅ ነበረው።
ከጣሪያው በረዶ ተንሸራቶ ሲወድቅ ሰማሁት።
እርሳሴ ወረቀቱን ሲፍቀው ሰማሁና አፈርኩ፤
ይህን ያህል እየተጫንኩት ኖሯል ለካ።

ሄልዱር ቀና አለ።
ጣቱን ከነጭ ጸጉሩ ሥር ሰደደ፣
ባቄላ የምታህል ነገር ጆሮው ውስጥ ነካ አደረገ፤
ሲጥ አለች፣ ዝም አለች።
«ስድስት ዓመት አጥፍቻት ነበር፣» አለ ዝግ ብሎ፣
«የእናንተን ድምፅ ትታ፣ የዚያን ማሽን ጩኸት አጉልታ እያመጣች አሰቃየችኝ፤
እናንተም ስትስቁ በእኔ መስሎኝ…»
ጨረሰው አልጨረሰው፣ እንጃ።
ብቻ ስማችንን እየጠራ፣ ከእኔ ጀምሮ፣
የስድስት ዓመት እዳ እንዳለበት ሰው፣ እንደምን አደራችሁ አለ።

ቪርቬ፣ ከልማድ፣ ጥጧን ሳታወጣ ነበርና የተቀመጠች፣
ብጣሽ ወረቀት ገፋችልኝ፦
«ምን አለ?»
እኔም፣ ከልማድ፣ እርሳሴን አነሣሁ።