ሁለት ግራም ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው

የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ፣ ሄልዱር፣ ደጄን መታ፤
ቅዳሜ፣ የቪልያንዲ ሐይቅ እንደ ድንጋይ ረግቶ፣ ቀኑ ሲያዘነብል ወደ ማታ።
በአንድ እጁ የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ ይዟል፤
ሌላው እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያውቀዋል።
«ጥርስ ትሠሪያለሽ አይደል?» አለኝ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም፤
«መቆንጠጫ አለሽ፣ ዓይን አለሽ፤ እኔ ግን እጅ የለኝም።»

ተከትዬው ወጣሁ።
ሸክላ ማጫወቻው መስኮቱ ሥር፣ አቧራው ተጠርጎ፣
ክንዱ ራሱን ያጣ ወፍ መስሎ፣ አንገቱን ወደ እኛ አድርጎ።
አራት ሽቦ፣ ከፀጉር የማይወፍር፦
ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ እግር።
«ቀስ!» ይለኛል ከትከሻዬ በላይ፤ «አንዱ ከተበጠሰ
የመዘምራኑ ግማሽ ዲዳ ሆነ፤ ቤቱ ፈረሰ።»

እኔ የማላውቀውን ሰው መንጋጋ በጂፕስ ይዤ ነው የምውል፤
የፀጉር ያህል ከፍ ያለ ጥርስ እንቅልፍ እንደሚነሣ ማን ይነግረኛል?

መስታወቱን ዘረጋን። ሁለት ነጥብ አለበት፣ አንዱ ከዳር፣ አንዱ ከመሐል፤
መርፌዋ በሁለቱም ላይ ከመስመሩ ጋር መግጠም አለባት ይላል።
ከውጭ ሲሰምር ከውስጥ ይጣመማል፤
ከውስጥ ሳቀናው የውጩ ይቀየማል።
እንደ ሁለት አማት!
ብሎን ፈታሁ፣ ገፋሁ፣ አጠበቅሁ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፤
ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ይመስለኛል ነገሩ የያዘ፦
መርፌዋና መልኳ በመስታወቱ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ተሳሙ፣
ግራ ቀኝ ሳይንጋደዱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ከዚያ ሚዛን። ሁለት ግራም ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እዚያ።
«ሁለት ዘቢብ አይሆንም እኮ» አልኩት።
«ሲከብዳት ታርሰዋለች፤ ሲቀላት ደግሞ የባሰ ነው፤
እየዘለለች የቦዩን ግድግዳ የምትሰብረው ያኔ ነው።»

ለምን ይህ ሁሉ? ሸክላውን ከልባሱ አወጣው።
የከተማው መዘምራን፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በጡብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፤
ሟች ሚስቱ ሌይዳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እሱ ከኋላዋ፣ ከወፍራም ድምፆች ጋር።
የመጨረሻው መዝሙር ከመሐሉ ወረቀት አጠገብ ነው፣ ቦዩ በሚጠብበት፣
ከዳር ያልታየች ስሕተት በምትገዝፍበት።
«እዚያ ላይ» አለ፣ «አንድ ሰው ሳይጀመር ይጀምራል። እሷ ናት።
ዕድሜዋን ሙሉ፣ በየልደቷ፣ አሾፍኩባት።
አንድ ቀን እንኳ አላመነችም።
አሮጌው መርፌ እዚያ ሲደርስ ሁሉን አሸዋ ያደርገዋል፤ ማን እንደሆነ አይለይም።»

አወረድኳት።
የወንበር ሲጥታ፣ አንድ ሳል፣ የሚገለጥ ወረቀት፤
ከዚያ ድምፁ፤ «ስ» እባብነቷን ትታ ፊደል የሆነችበት።
መዝሙር በመዝሙር ወደ መሐል ተጠጋን።
ሄልዱር ፈገግታውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር።

መጣ። አንድ ሰው ቀደመ፤ ግማሽ ትንፋሽ፣ አንድ ፊደል።
ወፍራም ነው። የወንድ ነው። ከኋላ፣ በስተግራ በኩል።

መርፌዋ መሐል ላይ ጠቅ… ጠቅ… ስትል
ክንዱን ማንሣት የእኔ ሥራ መሆኑን ረሳሁ።
«ድገሚው።»
ደገምኩት። ሦስቴ።
«ምናልባት» አለ፣ «ሚዛኑ ልክ ካልሆነስ? ጥቂት ብትጨምሪበት?»
አየሁት። ልክ ነው።
አልጨመርኩም።

መቆንጠጫዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሳለሁ ሰማሁት፦
ያለ ሸክላ፣ በተሰነጠቀ ድምፁ፣ ብቻውን ያዜማል፤
እዚያች ቦታ ሲደርስ
ይጠብቃል።