የፈረደ ቁልፍ

አባቴ አጣናው፣ ቀን እንጨት ተራ ውሎ፣
ለሙሽራ ቁም ሳጥን፣ ለሟች ሳጥን ጠርቦ አስተካክሎ፣
ማታ ኩራዙን ለኩሶ፣ በር ዘግቶ የሚሠራው ነበር፤
ባለ ሦስት እግር፣
ባለ አንድ ክንፍ፣ የማይበር።

ልጅ ሳለ አይቶታል፤ ከጣሊያኖች ክበብ ወለል ሊወለውል ገብቶ፣
ሌሎቹ ዘፈኑን ሲሰሙ እሱ ከሥር አጎንብሶ ተመልክቶ፣
ሆዱን አየ፤ የእንጨት ጎድን፣ የሽቦ ጅማት፣ የብረት ደረት።
ያንን ሆድ በሆዱ ይዞት ኖረ፣ ሃያ ምናምን ዓመት።

እናቴ ሲመርራት ለጎረቤት ታወጋለች፦
«እኔስ የሰማንያ ሚስቱ ነኝ፤
ያቺ ግን የሰማንያ ስምንት ናት፣ በስምንት ትበልጠኛለች።»

ለድምፁ ገበታ ዝግባ ሲመርጥ አይቼዋለሁ፤
በጣቱ አንጓ ቆርቆር አድርጎ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«ይኼ ገና ውሃ ያወራል» ብሎ መለሰው፣ ቀብዱን ጥሎ።
በመጨረሻ ከፈረሰ ቤት ጣሪያ፣ መቶ ክረምት ያሳለፈ፣
መጣመሙን ሁሉ ተጣሞ የጨረሰ
አንድ ሳንቃ አገኘ። ያን ቀን እራቱን በላ።

ለጥቁሮቹ ዞጲ፣ ከመተማ በግመል የመጣ፤
ለነጮቹ የበሬ ቅልጥም፣ ከቅዳሜ ገበያ ልኳንዳ።
እኔ ነኝ የፋቅሁት፣ በአመድና በሎሚ፣ ጣቴ እስኪላጥ፤
እኔው ነኝ የደባርቅ በግ ጠጉር በሙቅ ውሃ የረገጥሁት፣
ለመዶሻዎቹ ልብስ፣ እንደ በርኖስ እስኪጠብቅ።
የቆዳው ሙጫ ሲፈላ፣ ሰፈሩ አፍንጫውን ይዞ ሲረግመን ይመሽ ነበር።

ብረቱ ግን የፈረደ ነው።
የወለቃው ፈረደ፤ ቀን «ቡዳ» እያሉ የሚሸሹት፣
ማታ ማረሻ ሊያስሉ ደጁን የሚያንኳኩት።
ከሊማሊሞ ገደል ተገልብጦ የቀረ የኤንትሬ ሻንሲ
አስጎትቶ አመጣ፤ በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ አለዝቦ፣
የሁለት መቶ ሽቦ ጉተታ፣ ቤት የሚያፈርስ ጉልበት
የሚችል ትከሻ ሠራለት።
ሽቦውንም በቀዳዳ ብረት እየሳበ፣ እያቀጠነ፣
ከወፍራሙም ከቀጭኑም ጫፍ ወደ መሐል ገሰገሰ።
አብረው አይበሉም ነበር፤ የሱም ሕግ፣ የኛም ሕግ አይፈቅድም።
አብረው ግን ያዳምጡ ነበር፣
ራስ ለራስ ገጥመው፣ እንደ በሬ ጥማድ።

የቀረችውን፣ የመሐሏን፣ «ማክሰኞ አመጣታለሁ» አለ።

ረቡዕ ጧት አባቴ ወለቃ ሄደ።
ከሰሉ ገና ለብ ይል ነበር። በሩ አልተቆለፈም።
ዶሮ ከምድጃው አመድ ትንከባለላለች።
ጎረቤትየው ቃል አልተነፈሰም፤
በአገጩ ብቻ ወደ አርማጭሆ፣
ከዚያም ወዲያ፣ ወደ ሱዳን።

ሽቦ ከአዲስ አበባ ማስላክ ይቻል ነበር። አላስላከም።
ቁልፏን ሠራ፣ መዶሻዋን አለበሰ፣
የሽቦዋን ቦታ ባዶውን ተወው።

ሊቃኝ ሲቀመጥ የደብረ ብርሃንን የድንጋይ ደወል ጠብቆ
ከዚያች ድምፅ ተነሣ። በትዝታና በባቲ ላደገ ጆሮ
አሥራ ሁለቱን ማስታረቅ እንደ ደም ሽምግልና ከበደው።
«ሁሉም ትንሽ ትንሽ ካልተበደለ» አለኝ፣ «አብሮ አያድርም።»

አሁን እኔ ቤት ነው። መምህር እንግዳወርቅ መጥቶ
ሲጫወት፣ በጣም በሚያምረው ቦታ፣ ጣቱ ወርዶ፦
ጠቅ።
እንጨት ብቻ።
«እትዬ ውብርስት፣ ይቺ ተበላሽታለች፤ በአንድ ቀን ትጠገናለች።»
«አልተበላሸችም» አልሁት። «ሰው ወጥቶ ነው።»

ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ሽቦው ይረግባል፣
ሰማንያ ሰባቱም ይዛባሉ፤
መስከረም ሲጠባ እቃኛቸዋለሁ፣ አባቴ እንዳሳየኝ።
ያቺን ወልውዬ አልፋለሁ።
በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተዛባች
እሷ ብቻ ናት።