ባሕር ዛፍ በብሬመን

ብሬመን፣ ምድር ቤት። መብራቱ ዓይን አለው፤
ሰው ሲገባ በርቶ፣ ሲወጣ ነው የሚጠፋው።
ቁልፍ ያዥ ነኝ እኔ፤ መሳቢያ ቆጣሪ፣
የዝምተኞችን ሙቀት ለክቼ ነጋሪ።

ቁጥሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ አራት፤
ካርዱ ላይ በቀለም የተጻፈበት፦
«ወንድ። ዕድሜው አርባ ግድም። ከደቡብ ዳርቻ።
የራስ ቅሉ ስፋት...» ከዚያ ቁጥር ብቻ።
ሚሊሜትር ሳትቀር ተለክታ ገብታለች፤
ለስም የምትሆን መስመር ግን የታለች?

ሁለት ጦርነት አለፈ። ጣሪያው ነደደ።
መሳቢያው ግን ቀረ፤ የትም አልሄደ።

ሐሙስ ዕለት መጡ። ዝናብ ያካፋል።
እትዬ ዳልሲ ከፊት፤ ዱላቸው ይንኳኳል።
የልጅ ልጃቸው ታይሰን፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፤
ጉምሩክ ሁለት ሰዓት ይዞት ነበር፣ «ምንድን ነው?» ብሎ።

ዶክተር ሂልትሩድ ንግግር ጽፋ ነበር፤
ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፣ ሳትጀምር፤
እትዬ ጎንበስ ብለው፣ ካርዱን ቀና ብለው ሳያዩ፣
በር እንደከፈተላቸው ሰው
ጠየቁት፦

«የማን ነህ?
እኔ ከወንዙ አፍ ነኝ፣ ከፔሊካን ወገን።
ዘግይተናል። ይቅር በለን።»

ምንነቱን ለክተው ማንነቱን ጣሉ፤
የአንዲት ፊደል ነገር ነው፣ በእኔ ቋንቋ፣ ሁሉ፤
ከሳድስ እስከ ራብዕ፣ ከ«ም» እስከ «ማ» ድረስ፣
መቶ ሃያ ዓመት ፈጀ፣ ሰው ለመመለስ።

ከዚያ ቅጠሉ ወጣ። ዘበኛው ኡቨ መሰላል አመጣ፣
የጢሱን ደወል በሻወር ኮፍያ አፈነው፣ ጩኸት እንዳያመጣ።

ጢሱ ደረሰኝ። ቆምኩ። ጉንፋን የያዘኝ ለታ
ብርድ ልብስ ተከናንቤ የታጠንኩት ሽታ፤
የደብረ ብርሃን አጥር፣ ከዝናብ በኋላ፣ ማታ።
«የአገሬ ሽታ ነው!» አልኩ፣ ሳላስብ፣ ጮክ ብዬ።
«የእኔ ነው» አሉኝ እትዬ።

ስንት ዘመን ስጠራው፣ ስፈልጠው፣ ሳነደው፣
ባሕር ዛፍ ስል ኖሬ ባሕሩን አልሰማሁት፤ ዛፉን ነው።
ከማዶ መምጣቱን ስሙ አልደበቀም፤
የተከለው ቢረሳ ቋንቋው አልለቀቀም።

ታይሰን ሣጥኑን አቀፈ። ደረጃውን ቀስ፣
አንድ እግር፣ ደግሞ አንድ እግር፣ ላይ እስኪደርስ።

እኔ ባዶው መሳቢያ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፣
ሳልንቀሳቀስ።
መብራቱ «ሰው የለም» ብሎ ጠፋ።
እጄን አወዛወዝኩለት።

ኪሴ ውስጥ አንዲት ቅጠል አለች፤
እስከ ዛሬ አልመዘገብኳትም።