የጠጠር ዕጣ

ያባታችን አርባ በወጣ ማግስት፣
ሽማግሌ ጠርተን ቆምን ከሜዳው ፊት፤
አራት ቁራሽ መሬት፣ አራት ወራሽ ሆነን፣
ገመድ ልንዘረጋ፣ ካስማ ተሸክመን።
"ዕጣ ይሁን" አሉ አቶ ድልነሳሁ፣
"ገመድ ወንድማማች ሲያባላ አይቻለሁ።"
ባርኔጣቸው ገባ አራቱም ምልክት፤
ገለባ ለሜዳው፣ ቀይ ጓል ለዳገት፣
የባሕር ዛፍ ፍሬ ለገደሉ አፋፍ፣
ጠጠር ለጭንጫው፣ ማረሻ ለሚያጥፍ።

ማንያዘዋል በኩሩ ገለባ ደረሰው፤
ዋልካው፣ ስንዴን እንደ ፈረስ የሚያስጋልበው።
እማዋይሽ ቀዩን፣ ባቄላ 'ሚወደውን፣
ዝናብ ቢወርድበት ውጦት የሚያድረውን።
ትንሹ ወሰንየለህ አፋፉ ወጣለት፤
አሸዋ ነው፣ ጀማ አንድ ክንድ ባመት የሚጎርስበት።
ለኔ ጠጠር ቀረ፣
ከባርኔጣው ጥግ ላይ አድፍጦ የነበረ።
"ለዶሮም አትበቃ" ያለም ሰው አልቀረ።

አባታችን ግን ሞፈር ሲጠርብ ይል ነበር፦
"ያለ ሥራው ተቀጥሮ ነው የሚሰንፍ አፈር።
ባሕር ዛፍ ከዋልካ ዳር አትትከሉ፣ ይጠጣል፤
ለአፋፉ ስጡት፣ ገደሉን ይዞ ይቀራል።"

የዋልካ ጠባዩ ሁለት ነው፦ በሐምሌ ያብጣል፣
እግር ሲለቅ እንኳ ጫማ ያስቀራል፤
በጥር ይሰነጠቃል፣ እስከ ክንድ ይውጣል፣
የወደቀበትን "አላየሁም" ይላል።
እናቴ ነበረች የምታስተነፍሰው፤
ነሐሴ ሲገባ፣ ውሃ ሲያስለቅሰው፣
በጇ ጭቃ እየዛቀች፣ መደብ እያነሳች፣
ሜዳውን እንደ ጠጉር ሹሩባ ትሠራለች፤
ቦይ በቦይ፣ ጉንጉን በጉንጉን፣ ጎንበስ እንዳለች፣
ውሃውን እስከ ጅረት ሸኝታ ትመለሳለች።
ወንዶቹ "በበሬ አረስን" ቢሉም፣
ያለሷ ጣት ምልክት የበቀለ የለም።

ማንያዘዋል ባመቱ ከዋልካው መሐል
ቤት ሠራ፤ ቆርቆሮው እስከ እነዋሪ ያበራል፤
ወለሉ ሲሚንቶ፣ ውሃ ልኩን የጠበቀ።
ክረምቱ አነሳው፤ በጥር ግድግዳው ሳቀ።
ከመስኮቱ ጥግ እስከ ማገሩ፣ ጥርስ የሌለው ሳቅ፤
በሩም ተወላግዶ ቀረ፣ እንዳይዘጋ፣ እንዳይወልቅ።

መጣ ወደኔ ደጅ፣ ወደዚያች ጉብታ፣
ጠጠሬን በጫማው እየመታ፣ እየመታ።
"ይሄ ጭንጫ..." አለ፣ "ውሃ አይዝም?" "አይዝም።"
"ሲደርቅስ ይከፈላል?" "አይቼው አላውቅም።"
ዝም አልን። አንድ ጭልፊት ከገደሉ ወጣ።
"እህቴ" ካለኝ ስንት ዘመኑ፤ ያን ቀን ቃሉ መጣ።

ለወጥነው። ለቤቱ ግማሽ ጭንጫ ሰጠሁ፣
ከዋልካው ዳር እኔም አንድ ጥማድ ወሰድሁ።
አቶ ድልነሳሁ ፈረሙ፤ ባርኔጣው አልወለቀም በዚያ ጊዜ።
እኔን ግን ያዘኝ፣ ስለ ወገቤ፣ ትካዜ።
ነሐሴ ሲመጣ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፣
የናቴን ሹሩባ ከመሐሉ ጀመርሁ፤
ጠማማ ነው የኔ፤ ውሃው ግን አለፈ፣
ስንዴዬም ቢጫ ሳይለብስ ክረምቱን ተረፈ።

ግንቦት ላይ፣ ወሰንየለህ ሲያርስልኝ መጣና፣
ማረሻው ከጓሉ አንድ ነገር አነሳና
ፈነገለው ወደኔ፤ ዝገት የበላው ቁልፍ።
አወቅሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ያኔ ስገረፍ።
ያባቴ ሣጥን ቁልፍ ነው። "የት ጣልሽው?" ሲለኝ፣
"አላየሁም" ብዬ፣ ማንም ሳያምነኝ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ዋልካው ይዞብኝ፤
በስንጥቁ ውጦት፣ አብጦ፣ ተገላብጦ፣
ዳኛው ከሞተ ወዲህ ምስክር መጣ፣ ሮጦ።

ሣጥኑን ሸጠነዋል፣ የዕጣው ሰሞን፣ ለደብረ ብርሃን ነጋዴ።
"ምንድን ነው?" አለኝ ወሰንየለህ፣ ጅራፉን እንደያዘ።
"ብረት ነው፤ እረስ" አልሁት። መቀነቴ ቁልፉን ያዘ።